ቁንጥንጥ ልጆች በተጣበበ ክፍል፦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ትንንሽ ልጆች በእንቅስቃሴና ቀልብን በመሰብሰብ ራሳቸውን እንዲያረጋጉ ስለመርዳት ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ (እናት፣ ኮዬ ፈጬ)፦ ቲቸር፣ የሁለተኛ ክፍሉ ልጄ አርፎ አይቀመጥም ተብዬ በየጊዜው እጠራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እስቲ ውሎውን ተመልከቺ። ሰርቪስ ውስጥ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ሰልፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ተጋፍተው "ዝም በሉ" ይባላሉ። ታዲያ መቼ ይሩጥ? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል። ደግሞም ራስን ለመግዛት የሚረዳው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ድረስ እድገቱን አይጨርስም። ልጅሽ እምቢተኛ ሆኖ ሳይሆን ገና አልቻለበት ይሆናል። ሰርቪስ እስኪመጣ ብሎኩ ሥር ገመድ ይዝለል። እንቅልፉንም አደራ። በዚህ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልገዋል። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ቢዘገይ ቢዘገይ ማታ 3 ሰዓት መተኛት አለበት።

ጥያቄ (መምህር፣ ገላን)፦ ክፍሌ ጢም ብሎ የሞላ ነው። መላወሻ በሌለበት እንዴት ላንቀሳቅሳቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቆሙበት ቦታ ይበቃል። እኔ ከምሳ በኋላ የማደርገውን ልንገርህ። ሁሉም ይነሳሉ። በቀኝ እጃቸው ግራ ጉልበታቸውን፣ በግራ እጃቸው ቀኙን እየነኩ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ ቀስ፣ በመጨረሻ በጣም ቀስ። ድምፃቸውም አብሮ ይወርድና የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች በሹክሹክታ ይሏቸዋል። ከዚያ ሁለቱን መዳፍ አጋጥመው ባላቸው ኃይል ይገፉና ይለቃሉ። ሲቀመጡ አንድ እጅ ሆድ ላይ ይሆናል። በአፍንጫ ያስገባሉ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው በአፋቸው ቀስ አድርገው ያወጣሉ። አምስት ጊዜ ይበቃል። የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም፤ አየር ስናወጣ የልብ ምት ዝግ ይላልና።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው። መጀመሪያ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ጸጥታ። እንዲያው ከመሬት ተነስተህ "ዓይናችሁን ጨፍኑ" ካልክ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

ጥያቄ (አያት፣ የካ አባዶ)፦ ይሄ ቀልብ መሰብሰብ የምትሉት ነገር የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት አይደለም ወይ?

መልስ፦ አባባ፣ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ልምምዱ መነሻው የቡድሂስቶች ተመስጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከሃይማኖት ነጥለው ለሕሙማን አዋሉት። እኔ ጋ የሚደገም ቃል የለም። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይከታተላሉ፣ ወይም ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ብለው የሰሙትን ይነግሩኛል። "ባጃጅ"፣ "ቆርቆሮ ሲመታ"፣ "የእሱ ሆድ ሲጮህ" ይላሉ። ዓይኑን መጨፈን የማይፈልግ ልጅ ዴስኩን ይመለከታል። መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እንደሚሠራ ተረጋግጧል?

መልስ፦ ሁሉም አይደለም። በብሪታንያ ከ8 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ነበር። የቀልብ መሰብሰብ ትምህርት የወሰዱት ከሌሎቹ የተሻለ የአእምሮ ጤና አልታየባቸውም። አብዛኞቹ ቤታቸው ብዙም አልተለማመዱም ነበር። እርግጥ የእነሱ ተማሪዎች ከእኛዎቹ በዕድሜ ይበልጣሉ። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው፣ ትንንሾቹን አስቀምጦ ስለ መረጋጋት ማስተማር ብቻውን እንደማያዋጣ ነው። በየቀኑ፣ በአጭሩ፣ ከሰውነት ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ የሚረብሽን ልጅ ከእረፍት ማስቀረት ይጠቅማል?

መልስ፦ በፍጹም አይጠቅምም! እረፍቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ማንበርከክና መግረፍማ አይነሳ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል።

ጥያቄ (ረዳት መምህርት፣ ለገጣፎ)፦ ልጁ በንዴት ጦፎ እያለስ?

መልስ፦ ያኔ ምክር አይገባውም። መጀመሪያ አንቺ ራስሽ ተንፍሺ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ከዚያ ጡንቻውን የሚያሠራ ነገር ስጪው። የደብተር ክምር ተሸክሞ ስታፍ ያድርስ፣ ግድግዳ ይግፋ። ጸቡን የምታነሱት ሲበርድለት ነው። መተንፈሱን ደግሞ ደህና በሆነበት ሰዓት አለማምጂው፤ በንዴት መሃል አዲስ ነገር አይማርም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሞክረን ለውጥ ያጣንበት ልጅ አለ።

መልስ፦ በልቶ መምጣቱን ጠይቁ። የራበው ልጅ ትንፋሽ ስለቆጠረ አይረጋጋም። ቤት ውስጥ ጸብ እንዳለም በዘዴ አጣሩ። ዓይኑና ጆሮው ይታይ፤ ብላክቦርዱ የማይታየው ልጅ መቁነጥነጡ አይቀርም። ከዚህም በኋላ ወራት ካለፉና ቤትም ትምህርት ቤትም ያው ከሆነ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሂድ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የማይጠይቅ ጨዋታ ይጠቁሙን።

መልስ፦ ሰኞ ማክሰኞ! በአንድ እግር መቆም፣ መስመር አለመርገጥ፣ ተራ መጠበቅ፤ ሁሉም ራስን መግዛት ነው። ጠመኔ ከጠፋ በከሰል አስምሩ። ሌላው፣ ስታጨበጭቡ ይዘላሉ፣ ስታቆሙ ባሉበት ድርቅ ይላሉ። ሲለምዱት ሕጉን ገልብጡት፤ ጭብጨባ ሲሰሙ ይድረቁ፣ ሲቆም ይዝለሉ።