ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም

ጥያቄ፦ መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራች ኮሮላ ናት። ጠዋት አስነስቼ ግማሽ ሰዓት ብነዳም የሙቀት ጌጁ ከታች እምብዛም አይነሳም። መብራት ስቆም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ስወጣ መልሶ ይወርዳል። ቤንዚንም አብዝታለች። መካኒኩ «እንዲያውም ጥሩ ነው፣ አትግልም» አለኝ። እውነቱን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥሩ አይደለም። ሲቆሙ ከፍ፣ ሲሮጡ ዝቅ ካለ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ) ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ወይም ጭራሹኑ የለም። እኛ አገር አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሁለተኛው ነው፤ መኪና ጋለ በተባለ ቁጥር አውጥቶ መጣል የጋራዥ ልማድ ሆኗል።

ሌሊቱን ያደረ ሞተር አስነስተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ይተዉት። ከራዲያተሩ ግርጌ ወደ ሞተር የሚሄደውን የውሃ ጎማ (ቱቦ) ይዳስሱ፤ እጅዎን ከፋኑና ከቺንጋው ያርቁ። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ጎማው ጌጁ መሀል እስኪደርስ ቀዝቃዛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሞቀው። ከመጀመሪያው አንስቶ ከሞተሩ ጋር እኩል ለብ እያለ ከመጣ ጥርጣሬው ልክ ነው።

የራዲያተሩ ጎማዎች እጅ እስኪያቃጥሉ ግለው፣ ሂተሩም ትኩስ አየር እየነፋ ጌጁ ብቻ ካልተነሳ ግን ጥፋቱ የሙቀት ሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። ሴንሰሩን በቴስተር ይለኩ፦ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ላይ ከ0.2 እስከ 0.4። ፋኑ ሞተሩ እንደተነሳ የሚዞር ከሆነም ዳይሬክት ተደርጎ (ሙቀት ሳይጠብቅ ሁልጊዜ እንዲዞር በቀጥታ ተያይዞ) ይሆናል፤ ይህም ሞተሩን ያቀዘቅዛል።

ቴርሞስታቱ ካለ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አስፈትተው ይዩት። ቀዝቃዛ ሳለ ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት፤ ብርሃን ካሳለፈ ይቀየር። በድስት ውሃ ሲያሞቁት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ግድም ስለሚፈላ እዚያ ድረስ ካልተከፈተ ተበላሽቷል አይበሉ። አዲሱ ሲገባ ትንሿ የአየር ማስወጫ ወደ ላይ ትሁን፣ የጎማ ቀለበቱም አብሮ ይቀየር።

ቤንዚን የበዛው ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ጨምሮ ስለሚረጭ ነው። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡትን) ቢያወጡ ጥላሸት ለብሰው ያገኟቸው ይሆናል፤ ትርፉ ቤንዚንም ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል።

«አትግልም» የተባለውም አያስተማምንም። ቴርሞስታቱ ሲከፈት፣ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ አብሮ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ቆላ ወርደው ዳገት ሲገጥምዎ ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ስለዚህ የቀድሞው ቴርሞስታት ወጥቶ ከሆነ አዲስ ከማስገባትዎ በፊት ራዲያተሩ አለመደፈኑን ያስፈትሹ፤ መጀመሪያ ያስወጣው ግለት ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።