«ቦታ አለን» ማለት «ስኮላርሺፕ አለን» ማለት ነውን? ስለ ሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለቀረበው ጥያቄ

ውድ እኅታችን፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ በሜሪላንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን፣ የአንድ ዲቪዚዮን አንድ (ከኮሌጅ ስፖርት ደረጃዎች ከፍተኛው) ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ደውላ «ለልጅዎ ቦታ አለን፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሳውቁን» ማለቷን፣ አንድ ወዳጃችሁም «አዲሱ ሕግ የስኮላርሺፕን ገደብ ስላነሣ አትጨነቁ» ብሎ እንዳጽናናችሁ ጽፈዋል። የጠየቁት እንግዲህ ገደቡ በእርግጥ ተነሥቷል ወይ፣ የአሠልጣኟስ ቃል ምን ያህል ይታመናል የሚል ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ታላቋ ልጄ በዚሁ መንገድ ያለፈች፣ ቅዳሜ ቅዳሜም የሰፈራችንን ልጆች ቅርጫት ኳስ የማሠለጥን አባት ነኝ። መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለብዙ ዓመታት አንድ የዲቪዚዮን አንድ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከ15 ለሚበልጡ ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ እንዳይሰጥ ይከለክል ነበር፤ የወንዶቹ ገደብ 13 ነበር። አቆጣጠሩ በሰው ቁጥር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለአንዲት ተጫዋች መቶ ዶላር ቢሰጥም፣ ሙሉ ወጪዋን ቢሸፍንም፣ ያቺ ልጅ ከ15ቱ አንዷ ሆና ትቆጠራለች። በዚህ ምክንያት ግማሽ ስኮላርሺፕ ሰጥቶ አንድ ሙሉ ቦታ ማባከን የሚፈልግ አሠልጣኝ አልነበረም፤ ስለዚህ በዚያ ደረጃ ስኮላርሺፕ ሲባል በተግባር የትምህርት ክፍያው፣ መኝታው፣ ምግቡና መጽሐፉ አንድ ላይ የተሟላበት ማለት ነበር። እኛ ወላጆችም «ስኮላርሺፕ አገኘች» የሚለውን ወሬ ስንሰማ «ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ?» ብለን ያለመጠየቅ ልማድ ያዳበርነው ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።

ይህ ልማድ አሁን አደገኛ ሆኗል። ተጫዋቾች ኤንሲኤኤን በከሰሱበት፣ ሃውስ በሚባለው ክስ የተደረሰውን ስምምነት የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ጁን 6 ቀን 2025 ካጸደቁት በኋላ፣ ወደ ስምምነቱ የገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የስኮላርሺፕ ገደብ የለባቸውም፤ በምትኩ በአንድ ቡድን ውስጥ ሊኖሩ በሚችሉ ተጫዋቾች ብዛት ላይ ገደብ ተጥሏል። ለሶፍትቦል 12 የነበረው ቁጥር 25፣ ለሴቶች ቮሊቦል 12 የነበረው 18፣ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ 13 የነበረው 15 ሆነ። የሴቶች ቅርጫት ኳስስ? 15 ነበረ፤ 15 ሆኖ ቀረ። ወዳጃችሁ «ገደቡ ተነሥቷል» ማለቱ በቃል ደረጃ ስሕተት የለበትም፤ ለልጅዎ ግን አንዲት ወንበር እንኳ አልጨመረላትም። ይልቁንም ቁጥሩ ሳይነቃነቅ በውስጡ ያለው ነገር ተለወጠ፤ ስኮላርሺፑ አሁን ሊከፋፈል ይችላል። ከ15ቱ አንዷ መሆንና ሙሉ ወጪ የሚሸፈንላት መሆን ከእንግዲህ አንድ ነገር አይደለም። ወደ ስምምነቱ ያልገቡ ዩኒቨርሲቲዎችም ስላሉና እነርሱ በቀድሞው ገደብ ስለሚቀጥሉ፣ የደወለችላችሁ አሠልጣኝ ዩኒቨርሲቲ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራችሁ ይሁን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ስምምነቱ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ ፈቅዷል። እንዴት እንደሚያከፋፍሉት የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ ትልቁ ድርሻ ወደ አሜሪካ እግር ኳስና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ እንደሚያዘነብል መናገር ጠንቋይ መሆንን አይጠይቅም። በ2024 የሳውዝ ካሮላይናና የአይዋ ሴቶች የፍጻሜ ጨዋታ 18.9 ሚሊዮን ተመልካች አግኝቶ የወንዶቹን ፍጻሜ መብለጡ ይታወቃል፤ ሆኖም የሴቶቹ ውድድር ለአሸናፊ ቡድኖች ኮንፈረንሶች (ዩኒቨርሲቲዎቹ ተሰባስበው ለሚወዳደሩባቸው ማኅበራት) ገንዘብ መክፈል የጀመረው ገና በ2025 ነው። ካዝናው ሲጠብ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ሙሉ ስኮላርሺፕ ለሁለት ለመቁረጥ ይፈተናሉ የሚለው ስጋት የእኔ የግል ግምት ነው፤ ግን የሚያስጨንቀኝ ግምት ነው።

ገደቡ ጨርሶ ቢነሣ ብዙ ሴት ልጆች ዕድል ያገኙ ነበር የሚለውን አስተያየት በዚህ የውይይት ቡድናችን ውስጥም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አልስማማበትም። ዲቪዚዮን አንድ ውስጥ ከ350 በላይ የሴቶች ቡድኖች አሉ። ገደብ ባይኖር ኃይለኞቹ ጥቂት ቡድኖች ጥሩ ተጫዋቾችን ሰብስበው ወንበር ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በ15ም ቢሆን በአንድ ጨዋታ ላይ ደህና ደቂቃ የሚያገኙት ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ክርክሩ አዲስም አይደለም። ከኤንሲኤኤ በፊት በ1970ዎቹ የሴቶችን የኮሌጅ ስፖርት ያስተዳድር የነበረው ኤአይኤደብልዩ ሲቋቋም ለስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠትን ጨርሶ ከልክሎ ነበር። ልጆቹ እንደ ወንዶቹ እንዳይሸጡና እንዳይለወጡ በሚል በጎ ሐሳብ ነበር፤ በ1973 በፍርድ ቤት ተከስሶ ክልከላውን ተወው። በጎ ሐሳብ ይዞ የወጣ ገደብ ልጆችን ሊጎዳ እንደሚችል ከዚያ ታሪክ እረዳለሁ። ቢሆንም ዛሬ ልጆቻችንን የሚጎዳው የቁጥሩ ማነስ ሳይሆን የሚሰጣቸው ቃል ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው። በራሳችን ቤት የደረሰውን ልንገርዎት።

ልጄ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀችው በ2022 ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኦክቶበር ወር አንድ ረዳት አሠልጣኝ ደወለ፤ ስልኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሽሮው ምድጃ ላይ፣ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን። «ለአንቺ የያዝነው ስኮላርሺፕ አለ» ሲል ባለቤቴ እልል አለች፤ ሰውየው ደንግጦ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። እኔም ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ አቋረጥኩ፤ ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በኮቪድ ምክንያት ለተጫዋቾች አንድ ተጨማሪ የመጫወቻ ዓመት ተሰጥቷቸው ስለ ነበር መመረቅ የነበረባቸው ልጆች አልወጡም፤ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወሩትም በትራንስፈር ፖርታል፣ ማለትም መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት የኤንሲኤኤ መዝገብ በኩል፣ በገፍ ይመጡ ነበር። በኤፕሪል ያው ረዳት አሠልጣኝ ደውሎ ሁለት የሃያ ሁለት ዓመት ተጫዋቾች መውሰዳቸውን፣ ልጄም ከፈለገች በራሷ ወጪ ቡድኑን መቀላቀል እንደምትችል ነገረን። ሕግ አልጣሱም። በቃል የተነገረ ተስፋ አሠልጣኙንም ሆነ ልጅቷን አያስርም፤ እኛ ደግሞ የያዝነው ወረቀት አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለቱ ሳምንታት ልመለስ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የስኮላርሺፕ አቅርቦቱን በጽሑፍ ሊሰጥ የሚችለው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመት ኦገስት 1 ቀን ጀምሮ ነው፤ ፊርማውም የሚፈጸመው በኖቬምበር አካባቢ ነው። ቀድሞ ተጫዋቿ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምትፈርመው፣ ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንተንት የሚባለው ሰነድ በኦክቶበር 2024 ቀርቶ፣ ዛሬ የሚፈረመው ራሱ የገንዘብ ድጋፍ ውሉ ነው። ስለዚህ ልጅዎ በሁለት ሳምንት ውስጥ «እሺ» ብትል፣ እሺታዋን አክብራ ሌሎችን የምታሰናብተው እርሷ ናት፤ ያቺ አሠልጣኝ ግን ለወራት ምንም ወረቀት ልትሰጣት አትችልም። የጊዜ ገደቡ ልጅቷን ለማስቸኮል እንጂ ሕጉ አስገድዶ አይደለም። አሠልጣኟ ክፉ ሰው ናት ማለቴ አይደለም፤ እርሷም 15 ወንበር ይዛ የምትጨነቅ ሠራተኛ ናት።

የምልመላውን ደንብ አለማወቅ ሌላም አለመግባባት ያመጣል። ባለቤቴ በአንድ የበጋ ውድድር ላይ፣ ስምንት ሜዳ ጎን ለጎን በተዘረጋበት አዳራሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ቲሸርት ለብሳ በተጣጣፊ ወንበር ላይ ለተቀመጠች አሠልጣኝ ከፔርሙዝ ቡና ቀድታ፣ አምባሻ ቆርሳ ይዛላት ሄደች። ሴትዮዋ «ሰላም» ብላ ቀይ ሆና ተነሥታ ወደ ሌላኛው ሜዳ ሄደች፤ ባለቤቴ እስከ ማታ «ምን በደልኳት?» ስትል ነበር። ጊዜው አሠልጣኞች ጨዋታ እንዲመለከቱ ብቻ የተፈቀደበት፣ ከግቢያቸው ውጭ ከልጅቷም ከወላጆቿም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የተከለከለበት ነበር። ሌላም ጊዜ አለ፤ በግቢያቸው ውስጥ ብቻ መነጋገር የሚፈቀድበት፣ እንዲሁም በአካል መገናኘት ጨርሶ ተከልክሎ ስልክና ጽሑፍ ብቻ የሚቻልበት። ቀኖቹ በየዓመቱ በኤንሲኤኤ ይፋዊ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይወጣሉ። አሠልጣኝ ዝም ካለች ልጅዎን አልፈለገቻትም ብለው አይደምድሙ።

ከተፈረመ በኋላስ? ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዚዮን አንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋቿ ስለ ተጎዳች ወይም ደህና ስላልተጫወተች ስኮላርሺፗን መቀነስም ሆነ መሰረዝ አይችሉም። መልካም ሕግ ነው። ችግሩ መሸሸጊያ ቀዳዳ ያለው መሆኑ ነው፤ የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ አሠልጣኙ ልጅቷን ቢሮ ጠርቶ «እዚህ ብዙ የምትጫወቺ አይመስለኝም» ይላታል፤ ልጅቷ ተከፍታ ራሷ ፖርታል ውስጥ ትገባለች፤ ከገባች በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲው ድጋፉን ለማስቀጠል አይገደድም። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ትምህርቷ ደህና የሆነ ተጫዋች የፈለገችውን ያህል ጊዜ ተዛውራ ወዲያው መጫወት ትችላለች፤ ይህ ነፃነት ለጎበዟ ክንፍ፣ ለአሥራ አራተኛዋ ልጅ ደግሞ የመውጫ በር ነው። በ15 ሰው ገደብ ምክንያት በራሳቸው ወጪ የሚጫወቱትም ቦታ አጥተዋል፤ ስምምነቱን ያጸደቁት ዳኛ አስቀድሞ በቡድን ውስጥ የነበሩት እንዳይጎዱ አስደርገዋል፤ አዲስ ለሚመጡት ግን ያ በር ጠቧል።

የልጄ ነገር የተፈታው በዲቪዚዮን ሁለት ነው። እዚያ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያለው ስኮላርሺፕ በድምሩ 10 ሲሆን፣ አሠልጣኙ ለተጫዋቾቹ እየሸነሸነ ያከፋፍለዋል። ለልጄ የደረሳት ከግማሽ ትንሽ የሚያልፍ ነበር፤ በውጤቷ ያገኘችው የትምህርት ድጋፍና መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራሉ ፔል ግራንት ሲጨመሩ ከኪሳችን የወጣው ለአንድ ዓመት መኪናዬን ከማስጠግንበት ብዙም አልበለጠም። ስለዚህ የልጅዎን ውጤት ከቅርጫት ኳሷ አያሳንሱት። ዲቪዚዮን አንድ ለመጫወት 16 ዋና ዋና ኮርሶችና በእነርሱ ላይ ቢያንስ 2.3 አማካይ ያስፈልጋል፤ ከ16ቱ 10ሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር መጠናቀቅ ስላለባቸው፣ ልጅዎ ዘንድሮ የምትወስደው ሒሳብ ወሳኝ ነው። ውጤቷ እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ሃርቫርድን የመሰሉ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙበትን አይቪ ሊግን አይናቁ። እዚያ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ጨርሶ የለም፤ ነገር ግን ሃርቫርድ ከ2025 መከር ጀምሮ ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተሰቦችን ምንም አያስከፍልም። ታክሲና ፓርኪንግ ሠርተን ልጆች ለምናሳድግ ሰዎች ይህ ከማንኛውም የስፖርት ስኮላርሺፕ የተሻለ ነው፤ ልጅቷ ጉልበቷ ቢሰበርም ድጋፉ ከኳሱ ጋር የተያያዘ አይደለምና።

ለአሠልጣኟ ልጅዎ ራሷ ኢሜይል ትጻፍ፤ አባቷ ወይም እርስዎ አይጻፉ፤ አሠልጣኞች ከልጅቷ ሲመጣ ይወዳሉ። አመስግና፣ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሃውስ ስምምነት መግባት አለመግባቱን፣ የታሰበላት ድጋፍ ከሙሉ ወጪው ስንት በመቶ እንደ ሆነ፣ ለአንድ ዓመት ይሁን ለአራት፣ እርሷ በምትገባበት ዓመት ከ15ቱ ውስጥ በእርሷ ቦታ የሚጫወቱ ስንት እንደሚሆኑ፣ ኦገስት 1 ቀን ወረቀቱ ይላክላት እንደ ሆነ ትጠይቅ። ግቢውን ሳታይ መልስ መስጠት እንደማትችልም ትጨምርበት። ስትጎበኝ ከአሠልጣኟ ይልቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከምትጫወተው ከሦስተኛ ዓመቷ ልጅ ጋር ምሳ ትብላ። እስከዚያው ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጣው ደብዳቤ መልስ መስጠቱን አያቋርጡ። ኢሜይሉን ከመላኳ በፊት እንዳየው ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ልጄም እንድታነበው አደርጋለሁ፤ እርሷ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።