ከንስሐ በኋላ ዳግም ብወድቅስ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምኖር፣ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነኝ፤ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤትም ወጣቶችን እመክራለሁ። የቆየው ድካሜ ቁጣ ነው። ዐቢይ ጾምን በሚገባ ጾሜ፣ ለፋሲካ ቆርቤ፣ በዓለ ሃምሳው ሳያልቅ ሚስቴን በልጆቻችን ፊት የማይገባ ቃል ተናገርኋት። በዚሁ ኃጢአት ስናዘዝ ሦስተኛዬ ስለሚሆን የንስሐ አባቴን ፊት ለማየት አፍሬያለሁ። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ውድቀት ትሕትናን ያስተምራልና አትጨነቅ» አለኝ። እውነት ነውን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ ያሰኘኝ ኃጢአትዎን በስሙ መጥራትዎ ነው፤ «እርሷ አስቆጣችኝ» አላሉም።

የወዳጅዎ ቃል ግማሹ እውነት ነው፤ በንስሐ ጉዳይ ግን ግማሽ እውነት ያስታል። ኃጢአት በራሱ ልብን ያደነድናል እንጂ ማንንም አያስተምርም፤ ቅዱስ ጳውሎስም «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ሲል መልሷል (ሮሜ 6፥1-2)። የሚጠቅመን በውድቀታችን ምክንያት ስለ ራሳችን የታየንን እውነት ሳንሸሽ ይዘን ወደ እግዚአብሔር መቅረባችን ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስን ይመልከቱ። «ሁሉም በአንተ ቢሰናከሉ እኔ ከቶ አልሰናከልም» (ማቴ 26፥33) ሲል ጌታን መውደዱ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ፍቅሩን ከወንድሞቹ ጋር አስተያይቶ ለካው። በዚያችው ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ ፍም ዳር ቆሞ እሳት ሲሞቅ የነበረው ሰው ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲገለጥ በዚያም ፍም ነበረ፤ በላዩም ዓሣ (ዮሐ 21፥9)። ወንጌላዊው ዮሐንስ ሁለቱንም ፍሞች ጠቅሶ መጻፉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጌታ በመጀመሪያ «ከእነዚህ ይልቅ ትወደኛለህን?» አለው። የሐሙስ ማታው ጴጥሮስ ቢሆን «አዎን፣ ከሁሉም ይልቅ» ባለ ነበር፤ አሁን ግን ማወዳደሩን ትቶ «እንድወድህ አንተ ታውቃለህ» ብቻ አለ፤ በሦስተኛውም አዝኖ «አንተ ሁሉን ታውቃለህ» ሲል ምስክርነቱን ከራሱ ወደ ጌታ አዛወረ። ፍቅሩ አልጎደለም፤ የጎደለው መመካቱ ነው። በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠውም በዚህ ጊዜ ነው። «እግዚአብሔር ትዕቢተኞችን ይቃወማል፥ ለትሑታን ግን ጸጋን ይሰጣል» (1ጴጥ 5፥5) ብሎ የጻፈልንም ይኸው ሐዋርያ ነው።

ይሁዳም ተጸጽቶ ብሩን መልሶ ነበር (ማቴ 27፥3)፤ ጸጸቱን ይዞ ግን ወደ ጌታ አልተመለሰም። የእርስዎ ኀፍረት ሲቆይ ወደ የትኛው መንገድ እንደሚወስድ ያስተውሉ። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት አባቶች እንኳ የዚያን ሰው ይበላ የነበረውንና በእመቤታችን አማላጅነት ምሕረት ያገኘውን የበላኤ ሰብእን ታሪክ በግድግዳ አሥለው ለሁሉ እንዲታይ ማድረጋቸው ኃጢአተኛ ሁሉ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው።

የሐይቁ ዳር ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር ላስታውስዎ። የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ በቆየ ቁጥር ውኃ እየመጠጠ ይከብዳል። ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ዳር ጎትቶ ያወጣውና ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ያቆመዋል፤ ውኃውም ከታችኛው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። «ትናንት አድርቄዋለሁ» ብሎ ዛሬ የሚተወው የለም። እርስዎም ጾምዎ እውነተኛ ነበረ፤ ነገር ግን ከቆረቡ በኋላ «ቁጣንስ አሸንፌዋለሁ» ብለው ራስዎን መጠበቅ አቁመው እንደ ሆነ ይመርምሩ። ሦስተኛው ኑዛዜ ሊያሳፍርዎ አይገባም፤ የሚያሳፍረው ውኃ እንደ ጠጡ መቅረት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። «ተቆጣሁ» ብለው በአንድ ቃል አይለፉት፤ የተናገሩትን፣ ከዚያ በፊት በልብዎ ሲመላለስ የነበረውን፣ ድካሙንና ቅሬታውን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ቁስሉን ያላየ ባለ መድኃኒት ምን ሊያደርግ ይችላል? በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾምና ስግደት ባይሰጡዎም በጸሎትና በምጽዋት ቀኖና ሊያዝዙዎ ይችላሉ።

ከዚያ በፊት ግን በቤትዎ የሚሠራ አለ። ቃሉ የተነገረው በልጆችዎ ፊት ስለሆነ ባለቤትዎን ይቅርታ የሚጠይቁትም በእነርሱ ፊት ይሁን፤ «አንቺም እኮ» የሚል አይጨምሩበት።

ወጣቶቹን መምከርዎን ስለ መቀጠል የንስሐ አባትዎ ይወስኑ። ከፈቀዱልዎ ግን ጌታ ጴጥሮስን «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» (ሉቃ 22፥32) እንዳለው፣ ቁጣው ያስቸገረው ልጅ ወደ እርስዎ ሲመጣ ከመገሠጽዎ በፊት እስከ መጨረሻው ይስሙት።