መናፈሻ፣ የአትክልት ስፍራ ወይስ ገነት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፓሪስ ነው። ከአገር ቤት ለሚመጡ እንግዶች ስለ ሙዚየሞች አጫጭር መግለጫዎችን በአማርኛ አዘጋጃለሁ። ኦርሴ ሙዚየም ላሉት የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤድዋር ቩያር ሥዕሎች «ሰዎች በአትክልት ስፍራ ውስጥ ሲዝናኑ» የሚል ርእስ ሰጠሁ። አንድ ወዳጄ «መናፈሻ በል» አለኝ፤ ሌላው «ገነት ይሻላል» ብሎ ተከራከረኝ። ማን ልክ ነው? ለቤት ማስጌጫ የተሠራንስ ሥዕል «የግድግዳ ሥዕል» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ «መናፈሻ» ያሉት ወዳጅዎ ረትተዋል። ምስክሮቻቸው ራሳቸው ሥዕሎቹ ናቸው። ቩያር በ1894 እ.ኤ.አ. ለመጽሔት አሳታሚው ለአሌክሳንድር ናታንሶን የፓሪስ መኖሪያ ቤት ዘጠኝ ሸራዎች ሣለ። በላያቸው የሚታየው በግል አጥር የተከለለ ጓሮ ሳይሆን ሞግዚት ሕፃናት ይዛ፣ ወይዘሮ ጃንጥላ ዘርግታ አየር ለመቀበል የምትወጣበት የከተማው ሕዝብ ስፍራ ነው። መሬቱ ገርጣ ያለ፣ የቅጠል ጥላ ያዥጎረጎረው ሜዳ ነው። ጎመን የለበትም።

ጎመንን ያነሣሁት በምክንያት ነው። «አትክልት» በግእዝ የ«ተክል» ብዙ ቁጥር ነውና የተተከለውን ሁሉ ይይዝ ነበር። ዛሬ ግን ጆሯችን ወደ ገበያ ሄዷል፤ «አትክልት ተራ» ሲባል ጽጌረዳ የሚታየው ሰው የለም። «የአትክልት ስፍራ» ስሕተት ነው አልልም፣ መጻሕፍት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዳሩ ግን ተክሉን እንጂ ሰውየው ለምን እንደመጣ አይናገርም። «መናፈሻ» ይናገራል። «ለበሰ» ብሎ «መልበሻ»፣ «ደረሰ» ብሎ «መድረሻ» እንደሚባለው፣ «ተናፈሰ» ብሎ «መናፈሻ» ይሆናል፤ ነፋስ የሚቀበሉበት ቦታ ማለት ነው። ወሬም እኮ ይናፈሳል! በእነዚህ ሸራዎች ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው የተቀመጡትን ሴቶች ያየ ሰው ሁለቱም ትርጉሞች እንደሚስማሟቸው አይጠራጠርም። «በመናፈሻ» ካሉ ደግሞ «ውስጥ»ን ይተዉት፤ «በ» ብቻውን ሥራውን ይሠራል።

«ገነት» ጥንት የአትክልት ቦታ ማለት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የዛሬ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ አዳምንና ሔዋንን ይፈልጋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዋቶ በ1717 እ.ኤ.አ. ለሣለውና ሉቭር ሙዚየም ለሚገኘው የሲቴራ (በተረት የፍቅር አምላክ ደሴት) ሥዕል፣ ፍቅረኞቹ ከዚህ ዓለም የወጡ ስለሚመስሉ፣ ብንቀበለው ያምራል። ለቩያር ሞግዚቶች ግን ይበዛባቸዋል።

ከቦታው ይልቅ ያስቸገረኝ ግሱ ነው። «መዝናናት» ሰፊ ነው፤ መብሉንም ሙዚቃውንም ይጠቀልላል። በየመሥሪያ ቤቱ «መዝናኛ ክበብ» የሚባለው ሽሮ የሚበላበት አይደል? እርስዎ ዘንድ ኦርሴ ካሉት አምስት ሸራዎች አንዱ የሚጫወቱ ትናንሽ ልጃገረዶችን፣ ሌላው ጭውውት ላይ ያሉ ሴቶችን ያሳያል። በአማርኛ ልጆቹም «ይጫወታሉ»፣ ሴቶቹም «ይጫወታሉ»። ሁለቱን «ሲጫወቱ» ብሎ መሰየም ጎብኚን ያደናግራል። ስለዚህ ጨዋታውን ለልጆቹ ትተን ሴቶቹን «ሲያወጉ» እንበል፤ «ወግ» ብቻውን እንኳ ጥሩ ርእስ ይወጣዋል። «ውይይት» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ያባሩት፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ያስፈልገዋል። የሦስተኛውን ሸራ ፈረንሳይኛ ርእስ ቃል በቃል «ምርመራ» ብለው ከገለበጡትም ጎብኚው ፖሊስ ሲፈልግ ይውላል። «ጥያቄ» ይበቃዋል።

ቀይ ጃንጥላ የሚታይበትን ሌላውን ሸራ በተመለከተ፣ እኔ «ጥላ» የሚለውን አጭር ስም እወድደዋለሁ። እዚህ ግን አይሆንም፤ የዛፍ ጥላ በሞላበት ሥዕል «ቀይ ጥላ» ካሉ አንባቢው መሬት መሬቱን ያያል።

«የግድግዳ ሥዕል»ን አልመክርም። እርግጥ በቤተ ክርስቲያኖቻችን በጨርቅ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ሥዕሎችን እንዲሁ ስለምንጠራቸው ስሙ ልስን ላይ ለተሣለው ብቻ አልተወሰነም። የቩያር ሥዕሎች ግን በሞቀ የእንስሳት ሙጫ በተበጠበጠ ቀለም በሸራ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እንደ ዘይት ቀለም የማያብረቀርቁትም ለዚህ ነው። ከናታንሶን ቤት ከወጡ በኋላም ተበታትነዋል፤ ኦርሴ ካሉት ሌላ ክሊቭላንድ፣ ሂውስተንና ብራስልስ የደረሱ አሉ። «ጌጠኛ ሥዕል» ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ያጌጠ፣ የተብለጨለጨ ይመስላል። ቩያርና ራሳቸውን «ናቢ» ያሉት ሠዓሊ ባልደረቦቹ (ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን ከእኛው «ነቢይ» ጋር አንድ ሥር አለው) ቤት ማስጌጥን እንደ ዝቅተኛ ሥራ አልቆጠሩትም። ቢረዝምም «ለቤት ማስጌጫ የተሣለ» ብለው ይጻፉት፤ የጋራ ርእሱንም «የሕዝብ መናፈሻዎች» ይበሉት።