የአጥንት ኦፕራሲዮን አድርጋችሁ ቤት ለገባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ የአጥንት ኦፕራሲዮን ያደረጉ ሰዎችን ከአልጋ አስነስቶ ማራመድ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ማገገም ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ኦፕራሲዮኑን የሠራላችሁ ሐኪም ከእኔ የተለየ ነገር ካዘዛችሁ ግን የእሱን ስሙ። ራጃችሁን ያየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እናታችን 74 ዓመቷ ነው። ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገባላት። ቤት ከመጣች ሳምንት ሆናት። እንዳትጎዳብን ብለን ከአልጋ አናስነሳትም። መቼ ትነሳ?

ዛሬ። እግሯን እንዳትረግጥ ካልተከለከለች ዛሬውኑ አስነሷት። የምታስተኟት ስለምትወዷት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በዚህ ዕድሜ ከስብራቱ ይልቅ መተኛቱ ነው የሚጎዳው። እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ የሳንባ ምች ይመጣል፣ መቀመጫና ተረከዝ ይቆስላል። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሯን አውርዳ ትንሽ ትቀመጥ። ካላዞራት ዎከር (አራት እግር ያለውን መደገፊያ) ይዛ ትቁም። ዛሬ እስከ ወንበሩ፣ ነገ እስከ በሩ ትሂድ።

ለ3 ወር ያህል ግን አቀማመጧን ተጠንቀቁ። ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ ማለት የለበትም። ስለዚህ በርጩማ፣ መደብና ዝቅ ያለ ሶፋ አይሆኑም። ቡናውን እኔ ካላፈላሁ ብትልም እሺ አትበሏት። እግር ማነባበርም፣ ጎንበስ ብሎ መሬት የወደቀ ማንሳትም ክልክል ነው። በጎኗ ስትተኛ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ ይግባ።

ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ወንበር ያስፈልጋታል። ብዙ ሰው የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን ቆርጦ ይጠቀማል። እሱ ከተቆረጠ በኋላ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይም ይንሸራተታል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ያለው የብረት ወንበር አሠሩ። እግሮቹ ሥር ጎማ ይግባ። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ላይ ምንጣፉን አንሱ፤ ሌሊት መብራት ይደር።

ጥያቄ፦ ጭኔ ተሰብሮ ብረት ገባልኝ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፤ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ቤተሰቦቼ ወጌሻ ይሽህ እያሉኝ ነው።

አይሆንም ወንድሜ። ወጌሻ በየሰፈሩ የሚከበር ሰው ነው፤ ንቄው አይደለም። ግን ገና ያልጠነከረ አጥንት በኃይል ሲታጠፍ እንደገና ሊሰበር፣ ብሎኑም ሊላቀቅ ይችላል። በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት ደግሞ ደም ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆች በአገራችን አሉ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያመኛል።

ጉልበትህ የደረቀው ስላላንቀሳቀስከው ሊሆን ይችላል። ራጅ ተነሳና ሐኪምህ ይየው። ከፈቀደልህ እንዲህ አድርግ፦ አልጋ ላይ በጀርባህ ተኛ፣ ተረከዝህ ሥር ፌስታል አንጥፍ፣ ከዚያ ተረከዝህን ወደ መቀመጫህ ሳብ። ፌስታሉ ያንሸራትትልሃል። እስኪወጥርህ ሳብ፣ እስከ 10 ቁጠር፣ ዘርጋ። 10 ጊዜ ደጋግመው፤ በቀን ሦስት አራቴ። ማስታገሻህን ከግማሽ ሰዓት በፊት ብትወስድ ይቀልልሃል። መወጠሩ አያስፈራህ። እንደ ስለት የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን አቁም። ደግሞ ጉልበትህ ሥር ትራስ አድርገህ አትደር። ለጊዜው ይመቻል፤ ኋላ ግን እግርህን ቀጥ አድርገህ መዘርጋት ያቅትሃል።

ጥያቄ፦ ክራንች ብብቴን አቆሰለኝ፤ እጄም ይደነዝዛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው።

ብብትህ ላይ ተንጠልጥለሃል ማለት ነው። እዚያ ያለው ነርቭ ሲጫን እጅ ይደነዝዛል። በክራንቹ ጫፍና በብብትህ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ክብደትህን በመዳፍህ ተሸከም፤ ክርንህ ትንሽ ይታጠፍ። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ከዚያ የታመመውና ክራንቹ ይከተሉ። ስትወርድ ክራንቹና የታመመው እግር ይቅደሙ። የደረጃው ብረት ጠንካራ ከሆነ በአንድ እጅህ እሱን ያዝ፤ ትርፉን ክራንች ሌላ ሰው ይያዝልህ። የክራንቹ ጎማ ካለቀ ዛሬውኑ ቀይረው።

ጥያቄ፦ የተሠራው እግሬ ማታ ማታ ያብጣል። ልሸው?

አትሽው። እግር ከተሠራ በኋላ ማበጥ ወራት ሊቆይ ይችላል። ተጋድመህ ከልብህ ከፍታ በላይ ስቀለው፤ ቁርጭምጭሚትህን ቶሎ ቶሎ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅስ። ባትህ አብጦ ከጠነከረና ካመመህ ግን የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታይ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የደም ማቅጠኛ ታዞልህ ከሆነ ደህና ነኝ ብለህ ከቀኑ በፊት አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ የአጥንት ሾርባ አጥንት ይጠግናል ይባላል። ጾም ላይ ነንና ምን እንብላ?

ሾርባው አይጎዳም፤ ግን የሚባለውን ያህል ካልሲየም የለውም። አጥንትም ቁስልም ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ለታመመ ሰው የጾም ፈቃድ አለ፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ልጹም ካላችሁም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በየማዕዱ አይጥፉ። የጤፍ እንጀራ ራሱ ካልሲየም አለው። ጠዋት ፀሐይ ሙቁ። ሲጋራ ግን አጥንት እንዳይገጥም በእርግጥ ያዘገያል። ይህን ብዙ አስታማሚ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ቁስሉን ጠበል ብናስነካውስ?

ስፌቱ እስኪወጣና ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ውኃ አይንካው፣ ጠበልም ቢሆን። ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ቅቤ፣ ማር፣ የቡና ዱቄት አታድርጉበት። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ካወጣ ወይም ካተኮሳችሁ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። የተረፈ አንቲባዮቲክ ፈልጋችሁ አትዋጡ።

ጥያቄ፦ አባቴን ሲያመው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እንገዛለታለን። ግፊት አለበት።

ተዉት። ዲክሎፌናክ ግፊት ያባብሳል፤ ኩላሊትና ጨጓራም ይጎዳል። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ሞክሩ። ጉበቱ ጤነኛ የሆነና ክብደቱ በጣም ዝቅተኛ ያልሆነ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ትራማዶል የሚባለው ጠንከር ያለ ማስታገሻ ከታዘዘለት ሆድ ያደርቃል፤ ውኃና ፓፓያ አብዙለት።

ጥያቄ፦ ብረቱ መውጣት አለበት?

አዋቂ ላይ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ካልቆረቆረ ወይም ካላመረቀዘ አብሮ ይኖራል።

ጥያቄ፦ እህቴ ሪያድ እግሯ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነች። ወደ አገሯ መምጣት ትፈልጋለች። መብረር ትችላለች?

የሠራላት ሐኪም ይፍቀድላት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረጅም መቀመጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። የደም ማቅጠኛ ያስፈልጋት እንደሆነ ትጠይቅ። ጀሶዋ 48 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ እግሯ ውስጡ ሊያብጥ ስለሚችል ሐኪም ጀሶውን ካልሰነጠቀላት አትሳፈር። ከሁሉም በላይ ባዶ እጇን አትምጣ። ራጁን በሲዲ፣ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት፣ የገባውን ብረት ዓይነትና የኩባንያውን ስም ትቀበል። እዚህ ያለው ሐኪም አንድ ቀን ብሎኑን መፍታት ቢኖርበት የትኛው መፍቻ እንደሚገጥም የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው። ፎቶ አንስታ ለአንቺም ትላክልሽ።