ስዊች ወይስ ስቲም ዴክ? ጅማ ላይ ሆናችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ? ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጌም ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሁንም የተበላሸ ጆይስቲክ እጠግናለሁ። ሁለቱም ጌም መጫወቻ ማሽኖች እጄ ላይ አሉ። ኒንቴንዶ ስዊች ኦሌዱን (ስክሪኑ የተሻለውን የስዊች ዓይነት) በራሴ ብር ገዛሁት፣ ስቲም ዴኩን ደግሞ ውጭ ያለው ወንድሜ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ሰሞኑን "ዘመድ ሊመጣ ነው፣ የቱን ላስመጣ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ እዚሁ በአንዴ ልገላገለው። ዝናቡ አላስወጣ ብሏል፣ ቡናውም ፈልቷል። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጀማሪ ነኝ። ሁለቱም በእጅ የሚያዙ አይደሉ እንዴ? ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ በእጅ መያዙን ይያዛሉ። ስዊች የወጣው በፈረንጆቹ መጋቢት 2017 ነው። ካርድ የሚጎርስ፣ ሲያሻህ ቲቪ ላይ የምትሰካው፣ የኒንቴንዶን የራሱን ጌሞች የሚያጫውት ማሽን ነው። ስቲም ዴክን ቫልቭ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በየካቲት 2022 አወጣው፣ እሱ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ጌም መጫወቻ የመሰለ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ሊኑክስ ነው (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሶፍትዌር)፣ ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ሚሞሪ፣ 16 ጊጋ ነው፣ ኪቦርድና ማውስ ከሰካህበት አሳይመንት ትጽፍበታለህ። የስዊች ራም 4 ጊጋ ነው። በጉልበት ከሆነ ውድድሩ ገና ሳይጀመር አልቋል፣ ዴክ ይበልጣል። ግን ጅማ ላይ ጉልበት መጨረሻ የሚጠየቅ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጌሙ በየት በኩል እጅህ ይገባል የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ዶርም ነው የምኖረው። "በየት በኩል" ስትል ምን ማለትህ ነው አቦ?

መልስ፦ ዴክ የጌም ካርድም ሲዲም አይቀበልም። የምትገዛው ጌም በዳውንሎድ ነው የሚመጣልህ። አንዳንዶቹ ትልልቅ ጌሞች ደግሞ ከ100 ጊጋ በላይ ናቸው። ይህን በሞባይል ፓኬጅ ላውርድ ማለት ጤፍ በማንኪያ እየገዙ ድግስ እንደ መደገስ ነው። ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቤት ከሌለህ፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑን ትተህለት የምትሄድ ዘመድ ከሌለህ ታዝናለህ።

ስዊች ላይ ካርዱን ትሰካለህ፣ ትጫወታለህ። (አንዳንዱ ካርድ ተጨማሪ ዳውንሎድ ይፈልጋል፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ሳታነብ አትግዛ።) ስትጨርሰው ታውሰዋለህ፣ ትለዋወጠዋለህ፣ ትሸጠዋለህ። የእኔ የማሪዮ ካርት ካርድ ሰፈር ውስጥ ስድስት ቤት ዞሮ ነው የተመለሰው። ዴክ ላይ የገዛኸው ጌም ግን በአካውንትህ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ልሽጠው ብትል አይሸጥም።

ሆኖም ዴክም መላ አለው። ከ2023 ጀምሮ ስቲም (ቫልቭ ጌም የሚሸጥበት የኦንላይን ሱቅ) በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ማሽኖች ጌም ለመገልበጥ ይፈቅዳል። የዶርም ጓደኛህ ላፕቶፑ ላይ አንድ ጌም ካወረደ፣ አንተም ያንኑ ጌም ከገዛኸው፣ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከእሱ ላፕቶፕ ይገለበጥልሃል። ለማረጋገጫ ያህል ኢንተርኔት ይነካካል እንጂ ያን መቶ ጊጋ እንደገና አትከፍልበትም። ይህቺን ያዛት፣ ዶርም ላለ ሰው ወርቅ ናት።

በነገራችን ላይ የስዊች ካርድ ወደ አፋችሁ አታስጠጉ። ሕፃን እንዳይውጠው ብሎ ኒንቴንዶ ዴናቶኒየም ቤንዞኤት የሚባል መራራ ነገር ቀብቶበታል። ወሬ ነው ብዬ ቀመስኩት። ኮሶ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሌላው አያገባኝም፣ እኔ የምጫወተው ኳስ ብቻ ነው።

መልስ፦ ግማሹ ጅማ እንዳንተው ነው፣ ስለዚህ ደህና አድርገህ ስማኝ። አዳዲሶቹ ኤፍሲዎች (ኢኤ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው፣ ድሮ ፊፋ ይባል የነበረው የኳስ ጌም) ዴክ ላይ አይሠሩም። አቅም አንሶት አይደለም። ኢኤ አጭበርባሪ ተጫዋቾችን ለመከላከል ከጌሙ ጋር የሚጭነው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ዊንዶውስ ጭኜ እገላገላለሁ ካልክ ይቻላል፣ ግን ለኳስ ብለህ ያን ሁሉ ጣጣ ውስጥ ከመግባትህ በፊት አስብበት።

ስዊች ላይ ይሠራል። ግን እዚያም ወጥመድ አለ። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 ድረስ የስዊቹ "ሌጋሲ ኤዲሽን" ይባል ነበር፣ ይኸውም ማሊያና ተጫዋች ብቻ እየቀየሩ ያንኑ አሮጌ ጌም መልሰው መሸጥ ማለት ነው። የተስተካከለው ከኤፍሲ 24 ጀምሮ ነው። ያገለገለ ካርድ የሚሸጥልህ ሰው "ፊፋ ነው፣ ያው ነው" ካለህ ያው አይደለም በለው። ፕሌይስቴሽን 5 የለመደ ዓይን ግን 24ቱም ላይ ጎዶሎውን ማየቱ አይቀርም። እና ልባዊ ምክሬን ከፈለግህ፣ ኳስ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ተዋቸውና ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ግዛ። ጌም ቤት ያሳለፈ ሰው ይህን ሳይነግርህ ስዊች ቢያስገዛህ ኃጢአት ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድስ? ባትሪው የማን ይቆያል?

መልስ፦ ይህን በወረቀት ሳይሆን በአውቶቡስ ፈትኜዋለሁ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዴኩን ይዤ ከበድ ያለ ጌም ከፍቼ ተነሳሁ። ሰኮሩን አልፈን የግቤን ቁልቁለት ስንጀምር ድርግም አለ። ፋኑ ደግሞ ሲጮህ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት "ልጄ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳ ይሆን?" ብለውኛል። በሌላ ጊዜ ስዊቹን ይዤ ወሊሶ ድረስ ተጫውቼበታለሁ። ድርጅቶቹ ራሳቸው የሚሉትም ከዚህ አይርቅም። የመጀመሪያው ዴክ ከ2 እስከ 8 ሰዓት፣ ስዊች ኦሌድ ከ4.5 እስከ 9 ሰዓት። ዴክ ላይ ቀለል ያለ ጌም ከመረጥክ፣ በሰከንድ የሚታየውን ምስል ወደ 30 ወይም 40 ካወረድክና ብርሃኑን ከቀነስክ ልዩነቱ ይጠባል። በ2023 የወጣው ዴክ ኦሌድ ደግሞ ባትሪው 50 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ይሻላል።

ወደ ፓወር ባንክ ስንመጣ፣ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) የሚባለው ወደ 74 ዋት-ሰዓት ነው፣ በመሙላት ላይ የሚባክነውን ቀንስለት። የስዊች ባትሪ 16 ገደማ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይሞላልሃል። የመጀመሪያው ዴክ 40 ነው፣ አንዴ ሞልቶት ትንሽ ይተርፋል። ደግሞ ዴክ 45 ዋት የሚሰጥ ይፈልጋል። በደካማ ፓወር ባንክ እየተጫወትክ ልሙላ ካልክ እየሞላህ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የዚህ ነገር እውቀት የለኝም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የ8 እና የ11 ዓመት። እህቴ ላምጣላቸው ትላለች። የትኛውን ልበላት?

መልስ፦ እናቴ፣ ለእርስዎ ቤት ስዊች ነው፣ ሁለት ሐሳብ የለውም። ግራና ቀኙ ላይ ያሉት ጆይስቲኮች ተነቅለው ለሁለት ልጅ አንድ አንድ ይደርሳሉ፣ ሌላ መግዛት ሳይጠበቅብዎት አብረው ይጫወታሉ። ስልክዎ ላይ በሚጫን የወላጆች መቆጣጠሪያ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ ይወስናሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ ማሽኑ ራሱ ይነግራቸዋል፣ ከፈለጉም ጌሙን ያቆመዋል፣ ጭቅጭቁ ይቀርልዎታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። "ስዊች ላይት" የሚባል ትንሽዬና ርካሽ አለ። እህትዎ ዋጋው ተስማምቷት እሱን እንዳታመጣ። የላይት ጆይስቲክ አይነቀልም፣ ቲቪ ላይም አይሰካም። ለአንድ ልጅ ይሆናል፣ ለሁለት ልጅ ግን ጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር እዚህ ይቃጠላል ይላሉ።

መልስ፦ የሁለቱም ኦሪጅናል ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የእኛን 220 ይችለዋል። ጥርሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክብ ማድረጊያ አዳፕተር ብቻ ግዙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ነቅላችሁ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ክብደቱስ? እጅ ያደክማል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ዴክ 669 ግራም፣ ስዊች ኦሌድ ከነጆይስቲኩ 420። ሩብ ኪሎ ልዩነት ማለት ነው። በጀርባዬ ተኝቼ ስጫወት ዴኩ ሁለት ጊዜ አፍንጫዬ ላይ ወድቋል፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ጥያቄ፦ ሚሞሪ ስንት ጊጋ ይበቃል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ስዊች ውስጡ 32 ጊጋ ብቻ ነው ያለው፣ ኦሌዱ 64። ካርድ ላይ ለሚጫወት ሰው 128 ጊጋ ሚሞሪ ጥሩ ነው። ዴክ ላይ ከ512 አትውረዱ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ሱቅ "512 ጊጋ ኦሪጅናል" ብሎ ሚሞሪ ካርድ ሸጠልኝ። ዋጋው ቀነስ ያለ ነበር፣ እኔም እንደ ብልጥ ደስ አለኝ። ዴኩ ላይ 512 ብሎ ያሳያል። አንድ ጌም ጫንኩ፣ ሠራ። ሁለተኛ ጫንኩ፣ ሁለተኛው አልነሳም፣ የመጀመሪያውም ተበላሸ። የታሸገው 32 ጊጋ ሆኖ ላዩ ላይ ቁጥሩን ብቻ ቀይረውለት ነው። ስመለስ "አገልግሎት ላይ ከዋለ አንቀይርም" ተባልኩ። እና ሚሞሪ ስትገዙ መጠኑን አይታችሁ አትመኑ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ትልልቅ ፊልም ገልብጡበት፣ እስኪሞላ፣ ከዚያ መጨረሻ የገለበጣችሁትን ከፍታችሁ እዩ። ባለሱቁ ከተናደደ መልሱን አገኛችሁ።

ጥያቄ፦ የኔ ስዊች ላይ ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ብቻውን ይሄዳል። ሳልነካው!

መልስ፦ እሱ ድሪፍት ነው፣ የታወቀ በሽታ ነው። የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ፉሩካዋ ራሳቸው በ2020 ይቅርታ ጠይቀውበታል። ጆይስቲኩ ውስጥ ያለው የሚነካካ ክፍል እየተፋቀ ሲሄድ ጣትህን ሳታሳርፍ እንዳሳረፍክ ያስባል። የሚቀየረው ዕቃ ትንሽ ነው፣ እጁ የለመደ ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ብሎኑ ግን ሦስት ጥርስ ያለው ነው፣ በተራ መፍቻ ታግለህ አታበላሸው። ሰው ሁሉ አፍርሶ ካመጣው በኋላ ነው ወደኔ የሚመጣው።

ዴክም ይከፈታል፣ እንዲያውም ይቀላል፣ ከጀርባ 8 ብሎን ነው። መለዋወጫ በይፋ ይሸጣል፣ እዚህ ግን እሱም በሰው እጅ ነው የሚመጣው። ከመክፈታችሁ በፊት ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ረስታችሁት ክዳኑን ካነሳችሁ ካርዱ ለሁለት ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ክራክ ትሠራለህ? ጌም በነፃ እንድንጭን።

መልስ፦ አልሠራም። ኒንቴንዶ ካወቀ ማሽኑን ከኦንላይን አገልግሎቱ ያግደዋል፣ ከዚያ እኔ ጋ መጥታችሁ ነው የምትጮሁት። ዴክ ላይ ቅናሽ ጠብቁ። ስቲም በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ዋጋ ይጥላል፣ ከአምስት ዶላር በታች የገዛኋቸው ጌሞች ወራት አጫውተውኛል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ጭራሽ ባይኖር ይከፍታሉ?

መልስ፦ ስዊች በካርድ ያለ ምንም ጥያቄ። ዴክ መጀመሪያ ሲከፈት የግድ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ኦፍላይን ይሠራል፣ ግን ጌሙን ዋይፋይ እያለ ቢያንስ አንዴ ከፍታችሁ ዝጉት። ይህን ሳላደርግ ገጠር ዘመድ ቤት ሄጄ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ትሪ ተሸክሜው ተመልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ስዊች 2 ወጥቷል እኮ! ለምን እሱን አታወራም?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ሰኔ 2025 ላይ ወጥቷል። ስክሪኑ 7.9 ኢንች፣ ራሙ 12 ጊጋ፣ ውስጡ 256 ጊጋ፣ ሲወጣ ዋጋው አሜሪካ 449.99 ዶላር ነበር። ጎበዝ ማሽን ነው። አብዛኞቹን የድሮ ስዊች ካርዶችም ይጫወታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የድሮው ሚሞሪ ካርድ ለጌም አይሆነውም፣ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን አዲሱን ብቻ ነው የሚፈልገው። ተራውን ሚሞሪ እንኳ ተጭበርብረን የምንገዛ ሰዎች ነን። ሁለተኛ፣ "ጌም ኪ ካርድ" የሚባል ነገር መጣ። ካርዱ ይሰካል፣ ግን ጌሙ ውስጡ የለም። ቁልፉ ብቻ ነው ያለው፣ ጌሙን በኢንተርኔት ታወርዳለህ። ከዚያም ባወረድክ በኋላ ለመጫወት ካርዱ መሰካት አለበት። ስዊችን ለጅማ እመክር የነበረው በካርዱ ምክንያት ነው፣ ካርዱ ባዶ ከሆነ ምን ቀረኝ? ስለዚህ ዘመድ ሲልክላችሁ የሳጥኑን ፊት ፎቶ አንስቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። የቁልፍ ምልክት ታች ላይ ካለበት ጌሙ ውስጡ የለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ አንዱን ሽጥ ብትባል የቱን ትሸጣለህ? ሳትዋሽ!

መልስ፦ ስዊቹን መሸጥ አልችልም፣ ከእህቴ ልጆች እጅ ማን ያስጥለዋል? ለስሙ የኔ ነው እንጂ ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሌሊት ብቻዬን የምጫወተው ዴኩን ነው፣ ጌሙም ያምራል፣ ግን በየወሩ ለዳታ የማወጣውን ሳስበው እሱን እሸጥ ነበር።

ወንድሜ ግን ይህን ያነበዋል። ስለዚህ አልሸጥም።