«ወይኔ ከበደብኝ፤ ቁንዶ በርበሬውስ የት ገባ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦስትሪያ፣ ከቪየና በስተሰሜን ቫይንፊርትል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጡ አንድ ገበሬ ግሩነር ቬልትሊነር የሚባል ነጭ የወይን ዝርያ የተተከለበት ግማሽ ሄክታር ማሳ ተከራይቼ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቶቼ የሚጠምቁት ቀለል ያለ፣ ጥም የሚቆርጥ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል ነጭ ወይን ነው። የእኔ ግን አልኮሉ 13.5 በመቶ ገባ። አፍ ላይ ይከብዳል፤ ቁንዶ በርበሬው ደግሞ ድራሹ የለም። በዚያ ላይ ዘንድሮ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጥመቂያዎን አይውቀሱ። ነገሩ የተበላሸው ማሳው ላይ ነው።

እስቲ ልጠይቅዎ። ጁላይ ላይ ዘለላው ፀሐይ ያግኝ ብለው ቅጠሉን በሁለቱም ወገን አልገፈፉትም? እኔም ጀማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። የቁንዶ በርበሬው ጠረን የሚመጣው ሮተንዶን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ወጥ ላይ በምንነሰንሰው ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። በወይን ፍሬ ውስጥ በአብዛኛው የሚገኘው ልጣጩ ላይ ነው። ቀዝቀዝ ያለና ጥላ ያገኘ ዘለላ ላይ ይበረክታል፤ ፀሐይ የጠበሰው ላይ ይሳሳል። መስመርዎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሆነ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ብቻ ጥቂት ቅጠል ያንሱ፤ አየር እንዲገባው ያህል። የከሰዓቱን ወገን አይንኩት።

ቀጥሎ የለቀማው ቀን ነው። አልኮሉ የሚመጣው ከፍሬው ስኳር ነው፤ 13.5 ከደረሰ፣ ሲለቅሙ ስኳሩ በኦስትሪያው መለኪያ፣ በካኤምቬ፣ 19 ገደማ ነበር ማለት ነው። መለኪያው አያስቸግርም፤ 19 ማለት በ100 ኪሎ ጭማቂ ውስጥ 19 ኪሎ ስኳር አለ ማለት ነው። 17 ተኩል ላይ ቢለቅሙት 12 ከምናምን ይወጣዋል። ከዚያ ብዙ አይውረዱ። «ቫይንፊርትል ዲኤሲ» የሚለውን ስም ጠርሙስ ላይ ለመጻፍ ቢያንስ 12 በመቶ ይጠየቃል። በአገሪቱ ይህን የአካባቢ ስያሜ መጀመሪያ ያገኘው ቫይንፊርትል ነው፤ ከ2002 ምርት ጀምሮ። ከዚህም የቀለለ ካማረዎት ዳኑብ ዳር ቫኻው ይሂዱ። ሽታይንፌደር የሚሉት ወይናቸው ከ11.5 በመቶ አይበልጥም። ስሙን ያወጡለት በድንጋይ እርከኖቹ መካከል በሚበቅል ላባ በመሰለ ሣር ነው።

ግን በመለኪያ ብቻ አይለቀምም። ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ማሳው ውስጥ ይዙሩ። ከፀሐዩም ከጥላውም ወገን፣ ከዘለላው ላይም ታችም ፍሬ ይቅመሱ። ዘሩን እንትፍ ብለው መዳፍዎ ላይ ይዩት። አረንጓዴ ከሆነ ይታገሡ። ቡናማ ሆኖ ጥርስ ሥር ቀጭ ካለ፣ ኮምጠጥ ማለቱም ምራቅዎን ካመጣው፣ ነገ ማለዳ ሳይሞቅ ይልቀሙ። አደራ፣ ይህ ዝርያ ምርት ያበዛል። ዘለላ ከልክ በላይ ከተሸከመ ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል፤ ያ ደግሞ መቅለል አይባልም። ጁላይ መጨረሻ ላይ ሳይሳሱ ዘለላ ይቀንሱ።

ወደ ቅጠሉ ልምጣ። የቢጫው ነገር የሚፈታው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ሲታወቅ ነው። የታችኛው፣ ያረጀው ከሆነ ማግኒዥየም አንሶት ይሆናል። ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት ነው የጎደለው፤ ግሩነር በዚህ በኩል ስስ ነው። ከአፈሩ ጭብጥ አድርገው በጣትዎ ይሹት። እንደ ጤፍ ዱቄት ከላመ ሎስ የሚባለው ነው፤ በበረዶ ዘመን ነፋስ ያመጣው አቧራ። ውሃ ስለሚይዝ ግሩነር ይወደዋል። ችግሩ ኖራ አለበት። ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ ቱፍ ቱፍ ካለ ኖራው ብዙ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ብረት እያለ ሥሩ እንዳይወስደው ያግደዋል። ፀደይ ላይ መሬቱ ሳይደርቅ ትራክተር ከነዱበት ይብስበታል። መንዳቱን ያቁሙ፤ በየሁለተኛው መስመር መካከል ሣርና ጥራጥሬ ይዝሩ፤ ለጊዜው ኬሌት የሚባለውን፣ ተክሉ በቀላሉ የሚወስደውን ብረት ቅጠሉ ላይ ይርጩ። የአፈር ምርመራ ሳያደርጉ ማዳበሪያ አይጨምሩ።

የከበደውን ወይን ግን እንዳይደፉት! ኦስትሪያውያን ግሽፕሪትስተር የሚሉት አለ፤ ግማሽ ነጭ ወይን፣ ግማሽ ጋዝ ያለው ውሃ። የእኛ አምቦ ውሃ ቢገኝማ የት በተደረሰ።